በባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት እስከ ቦሬ

ለምወድዎ እናቴ ለወይዘሮ ብዙወርቅ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ፣ ሳሉስ ለቀቅ አደረገዎ? አባባስ እንዴት ናቸው? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤዬ የነጌሌ ሙቀት አቀለጠኝ፣ አባባ የመረጡልኝ ባልም ትንፍሽ የማይሉ ሰው ናቸው፣ ወንድሜን ወልደሚካኤልን ልከው ያስወስዱኝ ብዬዎት ነበር። ይህንኑ ለባሌ ለሃምሳ አለቃ ሸዋንግዛው ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አልይዝሽም፣ ከመሄድሽ በፊት ግን አገርሽን የመሰለ ደጋ ላሳይሽ አሉኝ። እንደሚያውቁት የጦር ሰፈሩ ጋራዥ በያጅ ናቸው፤ ሁለት አሮጌ ብስክሌት በይደው ባለ ሁለት ኮርቻ አንድ ብስክሌት ሠሩ። የፈረደብኝ እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ያውም ሱሪ ለብሼ። አይቆጡኝ፣ ቀሚስ ካቴናው ውስጥ ይገባል።

ወደራ ከተማ ስንደርስ ገበያተኛው ከበበን። ጃልዴሳ የሚባሉ ሽማግሌ «ናጋ?» ብለው ሰላም ካሉን በኋላ ከሁለታችሁ የሚነዳው ማነው ብለው ጠየቁ። ባሌ እሷ ናት አሏቸው። እንዲህ መቀለድ እንደሚችሉ በየት አውቄ! ከዚያ ወዲያ ዳገቱ አይጣል ነው፤ ስንጋልብ፣ ስንገፋ በስድስተኛው ቀን ቦሬ ገባን። ጉሙንና ቀርከሃውን ሳይ አለቀስኩ። እሳቸው ካፖርታቸውን ደርበውልኝ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ተራራውን ሊያሳዩኝ ዞር ሲሉ ከብት መንገዱን ሞላው። እርስዎ አባባን እስከ ዛሬ አንቱ እንደሚሉ፣ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ባሌን አንቱ ከማለት ዝንፍ ብዬ አላውቅም። ፍሬኑን ይያዙ ልል አፌን ስከፍት «ያዘው እንጂ አንተ!» ብዬ ጮህኩ። ያዙት፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተን ወደቅን። ከጭረት በቀር ምንም አልሆንንም። እኔ ግን በአፌ ደንግጬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያም እንባቸውን ጠረጉና፣

«ሁለት ዓመት እንግዳ የማስተናግድ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሚስቴ መጣች። እባክሽ፣ እስክትሄጂ እንኳ አንተ በይኝ» አሉኝ።

ወልደሚካኤል ይህን ሲያነብልዎ አይሳቅብኝ፤ አባባ ካሉም ይቺን ይዝለላት። ስንቁንም ይፍታ፣ እኔን ሊወስድ አይምጣ። ሊጠይቀን ከመጣ ግን ቤቱ የሱ ነው።

የአባባን ጉልበት ይሳሙልኝ። አክስቴን ወለተሐናን፣ ጥሩነሽን ከነልጆቿ እንዴት ናችሁ ይበሉልኝ። ሸዋንግዛው አጠገቤ ተቀምጧል፤ ጉልበትዎን ይስማል።

ልጅዎ ተናኘወርቅ
ነጌሌ ቦረና፣ ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.