የመጨረሻውን ብቻ ስጣት ብለሽኝ ነበር

ብርቄ፣ ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። ካህናቱ ወለተ ሥላሴ እያሉ በክርስትና ስምሽ ሲጠሩሽ ማሂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እማን ነው አይደል የሚሉት አለችኝ። አዎ አልኋት። እኔም እኮ አንዳንዴ የሞተው ሌላ ሰው ይመስለኛል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የምትገፊው የግቢ በር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲንቋቋ ዛሬም ቀና እላለሁ።

መቼም ስለ ቤቱ ሳልነግርሽ ወደ ነገሬ ብገባ ትቆጪኛለሽ። ቤቱ አለ። ሽሮ የምሠራው አሁን እኔ ነኝ፤ ማሂ ትበላዋለች፣ ምን ታድርግ። የሐይቁ ዳር መንገድ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ተሠርቷል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምንቀመጥበት ድንጋይ ተነሥቶ ያማረ አግዳሚ ወንበር ገብቶበታል፤ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሣበታል። አንድ ቀን ሄጄ ተቀመጥሁበትና ቶሎ ተነሣሁ። ፋብሪካው እንዳለ ነው፤ እኔም እዚያው ጥገና ክፍል ነኝ። ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ እኔም እንደነሱ። ማሂ አሥራ ሁለተኛን አልፋለች፣ እሰይ በይ! ጅማ ደርሷታል። ነገ ጠዋት ትሄዳለች። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ከምሳ በኋላ ነው፤ እሷ ጓዳ ሻንጣዋን እያሰናዳች ነው።

ነገ የምሰጣት ነገር ነበረ። የለኝም። አጥፍቼዋለሁ ብርቄ፣ በገዛ እጄ።

ሆስፒታል ሳለሽ ያልሽኝን አንዲት ቃል አልረሳሁም። ለማሂ የምጽፈው አለ፣ ከቤት የምትወጣ ቀን ስጣት፣ የመጨረሻውን ብቻ፣ ሌላውን አጥፋልኝ፣ ሌላውን የጻፍሁት ሲያመኝና ሲመረኝ ነው አልሽኝ። እሺ አልሁ። ያኔ የማልለው እሺ አልነበረም። አንቺ ደግሞ ሁሉንም ነገር እዚያ ማስታወሻ ላይ የምትከትቢ ሰው ነሽ፤ የባዮሎጂ ፈተናው፣ የተማሪው ስም፣ ቤት ያለቀው ዘይት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ላፕቶፑ ላይ የጀመርሽውን ታብሌቱ ላይ ትቀጥያለሽ፣ ታብሌቱ ላይ የተውሽውን ስልኩ ላይ ትጨርሻለሽ። ሦስቱ ይናበባሉ ብለሽ ስታስረጂኝ እኔ አንድ ደብተር ምን አነሰው ብዬ ሳቅሁብሽ።

ካለፍሽ በኋላ ግን አልተናበቡም። ኔትወርኩ ሲጠፋና ሲመጣ፣ እኔም ስልክሽን ስከፍት ላፕቶፑን ስከፍት፣ አንዱ ማስታወሻ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት። ለማሂ የሚለው መጀመሪያ ስምንት ነበር። ከወር በኋላ ሳየው ሃያ ሦስት ደርሷል። የዘይቱ ዝርዝር ሳይቀር ሰባት ቦታ ተቀምጧል። አንዱን ከፍቼ አነብና ስዘጋው ቅጂ የሚል ሌላ ይወለዳል። ፋብሪካ ውስጥ ስንት የጀርመን ማሽን ያስነሣሁ ሰው በአንዲት ማስታወሻ ተሸነፍሁ። አንድ ሁለቴ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬዋለሁ፤ ይቅር በይኝ፣ አልተሰበረም።

የማሂ መሄጃ ሲቃረብ ጭንቀት ያዘኝ። ከሃያ ሦስቱ የትኛው ነው የመጨረሻው? ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ ስልክ የምትጠግን አንዲት ሴት አለች፤ ሄጄ ጠየቅኋት። ቀላል ነው አለችኝ። ዋናውን ለመለየት የተጻፈበትን ሰዓት እይ፣ የመጨረሻውን ሰዓት የያዘውን አስቀር፣ የቀረውን አጥፋ፣ መባዛቱም ይቆማል አለች። ደስ አለኝ። አንቺ ካልሽኝ ጋር አንድ ሆነብኝ፤ የመጨረሻውን ብቻ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ልትሄጂ ሦስት ቀን ሲቀርሽ የተጻፉ ሁለት ነበሩ። አንዱ ረጅም ነው፣ 9:00 ይላል። ሌላው አራት መስመር ነው፣ 8:00 ይላል። አራቷን መስመር አነበብኋት፤ ጀምረሽ የተውሽው መሰለኝ። ረጅሙን አስቀርቼ እሷንም ሌሎቹንም አጠፋሁ። አጥፍቼም አልቀረሁ፤ ጥገና ሰው ነኝና ሥራ ከጨረስሁ በኋላ ወለሉን ሳልጠርግ አልሄድም፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁት። ከዚያ እጄን ታጠብሁና ካለፍሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ምሳ በላሁ።

ባለፈው ሳምንት ስልክሽን ለማሂ ሰጠኋት፣ ለመንገድ ይሁንሽ ብዬ። ገና እንደከፈተችው አባዬ ይሄ ሰዓት የሐበሻ ነው እንዴ አለችኝ። አዎ፣ ለእማ መድኃኒት ብዬ እኔ ነኝ ያስተካከልሁት አልኋት በኩራት። በኩራት ነው ያልሁት ብርቄ!

ትዝ ይልሻል? ነርሷ በየስድስት ሰዓቱ ብላ ስትጽፍልን የስልኩ የፈረንጅ ሰዓት እያምታታኝ አንድ ጊዜ መድኃኒትሽን አሳለፍሁብሽ። ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስቺ እኔ ኮሪደር ላይ ራሴን ስረግም አደርሁ። ሲነጋ ሰዓቱን በእጄ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስሁት። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ካለ አሥራ ሁለት ነው፤ አንድም አላሳለፍሁብሽም። አንቺም አሁን ገና ሰው ሆንህ ብለሽ ሳቅሽ። ታብሌቱና ላፕቶፑ ግን በፈረንጁ እንደቆጠሩ ቀሩ። ማን ልብ ብሎ።

ማሂ ልብ አለች፤ የመጨረሻውን ማስታወሻ በሰዓቱ እንደለየሁት ያኔ ነገርኋት። ያን ቀን እኮ ምሳ ይዤ መጥቼ ታብሌቱን ቻርጅ ላድርገው ብዬ ወደ ቤት ወስጄዋለሁ፣ እማ ከዚያ በኋላ ጽፋ ነበር አለችኝ። ጽፈሻል። ከምሳ በኋላ ስልኩን ስጠኝ ብለሽ በአንድ ጣት ስትጽፊ ትራሱን ከጀርባሽ የደገፍሁልሽ እኔ ነኝ። ስምንት ሰዓት ነበር፤ ስልኩም በኔ ብልሃት 8:00 ብሎ መዘገበው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጻፍሽውን ረጅሙን ደግሞ ታብሌቱ በፈረንጁ 9:00 ብሎታል። ዘጠኝ ከስምንት ይበልጣል። እኔም አልተከራከርሁም።

ወይኔ አስማማው! ያቺ አራት መስመር ጀምረሽ የተውሽው አልነበረችም። ሁሉንም አንድ በአንድ ቀንሰሽ ቀንሰሽ ያስቀረሻት ነበረች።

እንደ እብድ ወደ ፔዳ ሮጥሁ፤ ባጃጅ ይዤ ቶሎ ቶሎ እያልሁ ሾፌሩን አሳበድሁት። ሴትዮዋ ስልኩን አገላበጠችው፣ ላፕቶፑን አየችው፣ ታብሌቱን አየችው። ከዚያ አንገቷን ደፋች። አንዱ ላይ ያጠፉት ከሦስቱም ይጠፋል፣ ሥራው ይኸው ነው አለችኝ። ለመባዛት ሲሆን አንድም ቀን ያልተናበቡት ሦስቱ፣ ለመጥፋት ሲሆን ባንድ አፍታ ተናበቡ። ሱቋ በር ላይ ተማሪው ሁሉ እያየኝ አለቀስሁ።

የኔ ነገር ለአንቺ አዲስ አይደለም። ማሂን አርግዘሽ ወደ ዘጌ ስንሄድ ሐይቁ መሀል የጀልባው ሞተር ቆመ። ባለጀልባው ሞቆት ነው፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ አለ። እኔ አይሆንም፣ የጥገና ሰው ነኝ ብዬ ፈታሁት። ብሎኑ ከእጄ አምልጦ ጣና ገባ። ቁልቁል እያየሁት ሄደ። ፀሐይ አናታችን ላይ፣ ባለጀልባው እያጉተመተመ በመቅዘፊያ ሲገፋን አንቺ ሆድሽን ይዘሽ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። ይቺ ልጅ ከወዲሁ አባቷን ትወቀው አልሽ። ያን ቀን ምነው ሐይቁ አያልቅም ብዬ ነበር።

ማሂ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ በማን ዕድሌ። ሦስት ቀን ሙሉ እሺ ብቻ ነው የምትለኝ። ብዪ ስንላት እምቢ እንደምትለው ማሂ አይደለችም፤ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ሳህኑን ታጥባለች፣ ትገባለች። ረጅሙ አለ፣ ግን እናትሽ እንዳታነቢው ብላለች አልኋት። እማ አታንብቢ ካለች አላነብም አለችና ፊቷን አዞረች። እጄን ትከሻዋ ላይ ላኑር አላኑር እያልሁ ቆሜ ቀረሁ።

እሱን ረጅሙንም ማጥፋት ነበረብኝ፤ አደራሽ ነው። ሦስት ጊዜ ከፈትሁት። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ስለ ፍርሃትሽ፣ ስለ እግዜር ያልሽው፣ በሠርጓ ቀን ፀጉሯን በምትሠራላት ሴት የቀናሽው፣ ሁሉም እዚያ አለ። ማሂ እንዳታነበው አደራሽን እጠብቃለሁ፣ በይለፍ ቃል ቆልፌዋለሁ። ማጥፋቱን ግን አልችልም። ሌላ ድምፅሽ የለኝም።

በአራተኛው ቀን ማሂ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ትዝ የሚልህን ንገረኝ አለችኝ። ነገርኋት። ጅምሩ ማሂዬ የኔ ጌጥ ነው አልሁ፤ ጻፈች። ሁለተኛው ስለ ሐይቁ ነው፣ ሐይቁ ሲናፍቅሽ ነይ ትላለች አልሁ፤ ጻፈች። በማግስቱ እስቲ ድገምልኝ አለች። ማሂዬ የኔ ዓይን አልሁ። ሐይቁ ቢናፍቅሽም ትምህርትሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ አልሁ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትናንት ነይ ብላለች ነው ያልኸኝ አለች። ሁለቱ እኮ አንድ አይደሉም ብርቄ! አንደኛው ነይ ነው፣ ሌላው ቆዪ ነው። ልጅቱ አገር አቋርጣ ልትሄድ ነው፣ እናቷ ነይ ትበላት ቆዪ ትበላት አባቷ አያውቅም። ሦስተኛውን መስመር ጭራሽ አንዴ ስለ ጤናዋ፣ አንዴ ስለ ጸሎት አደረግሁት። አሁን ደብተሯ ውስጥ አምስት ለማሂ አለ፣ ሁሉም ከኔ አፍ የወጣ። እንደገና ይባዛ ጀመር። በመጨረሻ ተወው አባዬ፣ ራስህን አታስጨንቅ አለችኝ። የራራችልኝ መሰለኝ፤ ከቁጣዋ ይልቅ እሱ አመመኝ።

አራተኛዋን መስመር ግን ቃል በቃል አውቃታለሁ። አባትሽ አንድ ነገር ቢያበላሽብሽ አትቆጪው፣ የሚያበላሸው ሊያስተካክል ሲል ነው ትላለች። እሑድ ለት ሳነባት ብሎኑ ትዝ ብሎኝ ፈገግ ብያለሁ። ፈገግ ብዬ ነው ያጠፋኋት።

እስቲ ፍረጂኝ። ይህን በምን አፌ ልንገራት? ሌላውን ሁሉ ረስቶ ለራሱ የምትጠቅመውን ብቻ አስታወሰ አትልም? እኔስ በሷ ቦታ ብሆን ምን እላለሁ? ከአራቱ መስመር የምምልባት አንዲቷ ናት፣ እሷንም አፌ ሊያወጣት አይችልም። ከኔ ሌላ ያያት ሰው የለም። ምስክሬ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ትናንት ማሂ ሦስት ብቻ ናት እንዴ፣ አራት መስመር ብለህ ነበር አለችኝ። አራተኛዋ ጠፋችኝ አልኋት። ዋሸሁ።

ስለዚህ እንዲህ ቆርጫለሁ፤ መቁረጥ ከተባለ። ነገ መናኸሪያ እሸኛታለሁ። ሻንጣዋን እጭናለሁ፣ ቆሎ እሰጣታለሁ፣ ስትደርሺ ደውዪ እላታለሁ፣ ሌላ አልልም። ቁጣዋ በራሱ ጊዜ ይብረድ። አንድ ቀን፣ ማንም ሳይለምናት፣ ከልቧ አባዬ ተወው ያለፈ ነው ካለችኝ ያኔ እነግራታለሁ። ያኔ ለኔ አትጠቅመኝም፤ ያንቺ ቃል ብቻ ትሆናለች። ያን ቀን ካላየሁም በጸሎት መጽሐፍሽ ውስጥ ይህን ወረቀት ታገኘዋለች። በእስክሪብቶ የጻፍሁት ለዚህ ነው፤ አንድ ነው፣ ቅጂ የለውም።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስሄድ በሐይቁ ዳር እየሄድሁ እደግማታለሁ። አልረሳትም ብርቄ፣ ቃሌ ነው። አንቺም ካለሽበት ጸልዪልኝ፤ እንዳልረሳት አይደለም፣ እንዳላስተካክላት።

ያንቺው አስማማው