ዳማ ከሳጉሬ ተመለሰች

ሰኞ፣ ሐምሌ 7
ዝናብ። ፉርሽካ በአጥንት ቀቀልኩ። ውሾቹ በሉ። እኔ መብላቴን ረሳሁት።

የቀሩት ጥቂት ናቸው። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ እንኳ በደንብ ጽፌልሽ አላውቅም። የባዘኑ ውሾችን ሰብስባ እያከመች ለሰው የምትሰጠው ታላቅ እህቴ ሰላም ነበረች። ግቢው የሷ፣ ውሾቹም የሷ። በፋሲካ ሰሞን ታማ፣ ወዲያው ሆነ። እኔ የት/ቤት ሰው ነኝ፤ ክረምት ነውና ጊዜ አለኝ። ለሁሉም ቤት እፈልግና መስከረም ሳይጠባ ግቢውን እዘጋለሁ። ጎረቤት አላለቀሰችም ይለኛል። እውነት ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9፣ ረፋድ
ከሳጉሬ አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ኦቦ ገመዳ። ጅብ በጎቻቸውን እየፈጀ ነው። ጎረምሶቹን ውሾች አሳየኋቸው፤ አልፈለጉም። ዳማ ላይ ዓይናቸው አረፈ። አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ፣ የሰላም ጥላ የነበረች። ሰላም የምትጠይቀውን ሁሉ ጠየቅኳቸው፤ ምን ትበላለች፣ የት ታድራለች። እንዳትታሰር አልኩ። አትታሰርም አሉ። ክትባቷን ነገርኳቸው። የሚኒባሱ ረዳት ውሻ አልጭንም ስላለ እህል ጭኖ ሊመለስ በመጣ አይሱዙ ሄዱ።

ዳማ ዞራ አየችኝ። ምንም አልተሰማኝም። ሳህኗን አጥቤ ደፋሁት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14፣ ጠዋት
በር ስከፍት ዳማ ቆማለች። ሆዷ ድረስ ጭቃ። መዳፏ ደምቷል። አንገቷ ላይ የተበጠሰ ገመድ። ከሳጉሬ እዚህ ድረስ በእግሯ።

አልፋኝ ገባች። የሰላም መኝታ ቤት በር ሥር ተኛች። ከቀብሩ ወዲህ አልተከፈተም። ምግብ ሰጠኋት፣ አልነካችም። መዳፏን አጠብኩላት፤ ዝም አለች። ለሽማግሌው ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ገመዱን ቆርጬ ጣልኩ። መናደድ ነበረብኝ። ድካም ብቻ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15፣ ከሰዓት
ኦቦ ገመዳ መጡ። ጋቢያቸው ርሶ ይንጠባጠባል። ከጠፋችበት ቀን ጀምሮ በየመንደሩ እየጠየቁ ነው የመጡት፤ ስልካቸው መንገድ ላይ ሞቶባቸዋል። ተቀመጡ ሳልል የገመዱን ነገር ጠየቅኩ። አልተከራከሩኝም። እስክትለምድ ብዬ ነበር፣ ቃሌን በላሁ አሉ። ዳማን ሲያዩ ግድግዳውን ተደግፈው ተነፈሱ።

ከዚያ ክፍሉ የማን ነው አሉ። የእህቴ። የት ሄደች? የተዘጋውን በር አየሁ። ገባቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ለውሻዋ የነገራት የለም» አሉ በመጨረሻ። «ክፈቺላት ልጄ። ገብታ ትየው።»

ቁልፉ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። ከፈትኩ። ዳማ ገባች። ጫማዎቹን አሸተተች፣ አንድ በአንድ። አልጋው ሥር ገብታ ወጣች። ትራሱ ላይ አፍንጫዋን አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወጥታ ሽማግሌው አጠገብ ተኛች። ፉርሽካውን በላች።

እኔ ግን አልወጣሁም። ያልተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ኦቦ ገመዳ ለዳማ በኦሮምኛ እያወሩላት ነው። መሸብኝ። ያለቀስኩ አይመስለኝም። ፊቴ ግን ርሶ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16
ኦቦ ገመዳ ዘመድ ቤት አድረው ማልደው መጡ። ዳማ ያለ ገመድ ተከተለቻቸው። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። መዳፏ ስላልዳነ ተሸክሜ የእህል አይሱዙ ላይ አወጣታለሁ አሉ። አልፎ አልፎ መጥተሽ እዪያት አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ለወጉ ሳይሆን።

የሰላምን አንሶላ ዘፈዘፍኩ። ዝናቡ አላባራም፤ የት አሰጣዋለሁ?

በር ተንኳኳ። የማላውቃት ሴት፣ ካርቶን ታቅፋለች። ዓይናቸው ያልተገለጠ ቡችሎች፣ እናታቸውን መኪና ገጭቷት። ሰላም የምትባለው አለች ወይ አለችኝ።

«ሰላም ሞታለች» አልኳት።

በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሴትየዋ ደንግጣ ይቅርታ ብላ ልትመለስ ዞረች። ዝናቡ በካርቶኑ ላይ ይወርዳል።

ግቢ አልኳት። ወተት ግን የት እንደማገኝ አላውቅም።