ለቴሌቪዥን ሰባት ቤት አይቆጠርም

እታለም፣ በመድኃኔዓለም ይዤሻለሁ፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢው እንዳትጥዪው፣ "ደሞ ጀመራት" እንዳትዪ። በመጀመሪያ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነሽ ወይ፣ ሕፃኑስ ጥርስ አበቀለ? ሁሩታ ብርዱ እንዴት ነው? እኛ ጋ ጭላሎ ሦስት ቀን ሙሉ ጉም እንደለበሰ ነው፣ እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፣ አባባም ደህና ነው፣ ወንድምሽ ሌዊም ያው ባጃጁን ይነዳል፣ ሁሉም ሰላም ይሉሻል፣ ማለቴ መጻፌን ቢያውቁ ይሉሽ ነበር። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ጽሑፌን አትሳቂበት፣ ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

አምና ያደረግኩሽን አልረሳሁትም። "ሽማግሌ መጣብኝ፣ ሊድሩኝ ነው" ብዬ እያለቀስኩ ደውዬልሽ፣ የስድስት ወር ሆድሽን ይዘሽ በሚኒባስ ስትደርሺ፣ ሽማግሎቹ ለካ አባባን ከጎረቤት ጋር በባህር ዛፍ ድንበር ሊያስታርቁ ነው የመጡት። ሌዊ እስከ ዛሬ "ከባህር ዛፉ ጋር ሰርጋችሁ መቼ ነው" ይለኛል። እሺ፣ ያኔ ተሳስቻለሁ። ዘንድሮ ግን የተሳሳቱት እነሱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰግድን ታውቂዋለሽ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ያለው፣ ሚስቱ ዓመት ሳይሞላት ጥላው የሄደችው። የዛሬ ሁለት ሳምንት በፒካፕ ሁለት ካርቶን ጭኖ መጣ። አንዱ ሰባ አምስት ኢንች ቲቪ ነው፣ አንዱ ፕሮጀክተር፣ ያ ግድግዳ ላይ ምስል የሚያበራው። ለአባባ "ጋሼ፣ እርስዎ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ሰው እርስዎ ቤት አይቶ ከኔ ይገዛል፣ ሁለቱንም ይሞክሩና የወደዱትን ያስቀሩ፣ ስጦታዬ ነው" አለው። የአባባ ደረት ተነፋ። ጋሼ ብሎ ጎንበስ ላለለት ሰው ቤቱን ነቅሎ ይሰጣል፣ ታውቂው የለ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ወሬ የለውም፣ ቲቪ ወይስ ፕሮጀክተር፣ ፕሮጀክተር ወይስ ቲቪ። ቲቪው በበር አልገባ ብሎ መዝጊያውን ነቀሉት፣ የጭቃ ግድግዳው አይችለውም ተብሎ ቡፌው ላይ ተቀመጠ፣ የእማዬ ብርጭቆዎች አልጋ ስር ገቡ። ፕሮጀክተሩ ደግሞ ጨለማ ይወዳል፣ መጋረጃ ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ ግድግዳው ጎርባጣ ስለሆነ የእማዬ ነጭ አንሶላ በሚስማር ተመታ። ሌዊ ፕሮጀክተሩ ይቅር ይላል፣ የኳስ ተጫዋቹ ቁመቱ እኔን ያክላል እያለ። እማዬ ቲቪውን ነው የምትለው፣ ቀን ላይ በፕሮጀክተሩ ስብከት ከፍታ "ጺማቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ፊታቸውን ማን ወሰደው" አለች። አባባ አንድ ቀን ወደዚህ አንድ ቀን ወደዚያ ነው፣ ዜና አንባቢው ግድግዳውን ሞልቶ ሲወጣ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ "ይሄ ሰውዬ ቢያስነጥስ የምንረጥበው እኛ ነን" አለ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽሽም፣ የዛን ሰሞን ሁላችንም ስንስቅ ነው የከረምነው።

አንቺስ ብሎ የጠየቀኝ ግን ማንም የለም። አሰግድ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

ቅዳሜ ሽቦ ላስተካክል ብሎ መጣ፣ እማዬ ጓዳ ናት፣ ቡፌው ስር ጎንበስ እንዳለ "አንቺ የቱን ትወጂያለሽ" አለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ቡፌውን መወልወል ያዝኩ። "ምረጪ እንጂ፣ አንዱ እዚህ ይቀራል፣ ሌላው አንቺ የምትገቢበት ቤት ይጠብቅሻል" አለና የእጄን አንጓ ያዘኝ። አጥብቆ ነው የያዘኝ እታለም። እማዬ ብቅ ስትል ለቀቀኝና፣ ሽቦ አቀብዪኝ ያለ ሰው መሰለ።

ለእማዬ ነገርኳት። "አምና ለባህር ዛፍ፣ ዘንድሮ ለቲቪ፣ ኧረ አንቺን የማያገባሽ ዕቃ የለም" ብላ ሳቀችብኝ።

እሱስ ይሁን። በማግስቱ እሁድ አጎቱን ይዞ መጣ። አጎቱ ቲቪውን አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠና አባባን የማን ልጅ ነህ፣ አባቶችህ ከየት ናቸው ብሎ ጀመረው። አባባ ደግሞ ዘር ቁጠር ካሉት እህል ውሃ አይፈልግም፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ያንን ከመንዝ ተነስቶ ዲክሲስ የሰፈረውን፣ እስከ ሰባት በጣቱ እያጠፈ ቆጠረለት። ሰውየው በእማዬም በኩል አስቆጠረው። ከዚያ የራሳቸውን ቆጠረና ሲጨርስ "እግዜር ይመስገን፣ አንገናኝም" አለ። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ሁሉን ሰማሁ። ኧረ ለመሆኑ ለቴሌቪዥን ሰባት ቤት ይቆጠራል እንዴ? ሲሄዱ አባባን ይሄንኑ ጠየቅኩት። "ትልቅ ሰው ሲጨዋወት አትግቢ" አለኝ፣ ግን አይን አይኔን አላየኝም። አባባ አያውቅም ልልሽ አልችልም። ማወቅ አልፈለገም።

ዛሬ ማታ ደግሞ አሰግድ "የመረጣችሁትን ለማየት ከሦስት ትላልቅ ሰዎች ጋር እመጣለሁ" ብሏል። ሽማግሎቹ ኳስ ሊያዩ ነው የሚመጡት? ለሌዊ ይሄን ብነግረው "መጀመሪያ በየትኛው እንደምናሳያቸው እንምረጥ" አይለኝም!

ስለዚህ መለስኳቸው። ሁለቱንም።

ጠዋት አባባ ዕድር፣ እማዬ ገበያ፣ ሌዊ ሥራ ሲወጡ፣ አብራኝ የምትሰፋውን ሩዋይዳን ጠራኋት፣ አባቷ ጋሽ ሀሰኖም ጋሪያቸውን ይዘው መጡ። መዝጊያውን እንደገና ነቀልነው፣ ቲቪውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንነው፣ ፕሮጀክተሩን እኔ ታቀፍኩት። ጋሽ ሀሰኖ "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምንድነው የጫንሽብኝ" ቢሉኝ "ባል ነው ጋሽ ሀሰኖ፣ ቀስ ብለው ይንዱት" አልኳቸው። ሳቁ ሳቁና ፊቴን ሲያዩ ተዉት፣ ቢስሚላህ ብለው ፈረሱን ነዱት።

ሱቁ ሰው ሞልቶታል። አሰግድ ሲያየኝ ፈገግ አለ፣ ይታይሽ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ "ዕቃህን ተረከብ፣ የመረጥነው የለም" አልኩት። ቀረብ ብሎ በቀስታ "አባትሽ ያውቃል?" አለኝ፣ መልሴንም ሳይጠብቅ "ዕቃ ቢመለስ ቃል አይመለስም፣ ማታ እመጣለሁ" አለኝ። እኔም "ቃል የሰጠህን ሰው አግባው እንግዲህ" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሰዉ ሳቀ፣ ሩዋይዳ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እሱ ግን አልሳቀም፣ የዛን ጊዜ አይኑን ብታዪው እታለም፣ ሚስቱ ለምን እንደሄደች ገባኝ። ስመለስ ጋሪው ላይ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር፣ ብርድ ነው አልኳቸው።

አሁን ሩዋይዳ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። እማዬ ገበያ ጨርሳ ስትገባ ባዶ ቡፌ ነው የምታገኘው። እኔ ብናገር ባህር ዛፍ ነው የሚሉኝ፣ አባባ የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። ሲያወራ ሁሌ ትልቋ ልጄ ቤቷ ሞቋል ነው የሚለው፣ አንቺ ስትጠየቂ የመጣውን ፍሪጅ እስከ ዛሬ በነጠላ ይሸፍነዋል። እኔንም "እህትሽ ምን ጎደለባት" ይለኛል። ምን ልበለው? ለፋሲካ ስትመጪ ያንን ሻርፕ ምድጃ አጠገብ እንኳ ከአንገትሽ አላወረድሽውም፣ ስልክሽ ሲጠራ ሳህኑ ከእጅሽ አመለጠ። ያኔ አልጠየቅኩሽም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። ለአባባ ሁሉን ንገሪው አላልኩሽም። "እሷን ተዋት" ብቻ በዪው፣ ድምፅሽን ሲሰማ የቀረውን ያውቀዋል።

ባትደውዪም አልገባለትም፣ ይሄን እወቂው። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ፣ ግን መልሰው ቢያመጡት መልሼ እጭነዋለሁ፣ ሽማግሎቹ ቁጭ ብለው እያዩኝ እጭነዋለሁ፣ ጋሽ ሀሰኖ ፈረሱ አይደክመውም ብለውኛል። የልብስ ስፌቱንም አልተውም፣ ገና ኮት መቁረጥ መጀመሬ ነው።

እመብርሃን ልጅሽን ታሳድግልሽ፣ ክፉ እጅ አይድረስብሽ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርግልሽ። ሩዋይዳ አክስቷን ልትጠይቅ ሁሩታ እየመጣች ነው፣ ደብዳቤውን በእጅሽ ነው የምትሰጥሽ፣ ባለቤትሽ በር ከከፈተላት ልብስ ልለካት ነው የመጣሁት ትላለች። ስልኳን ትሰጥሻለች፣ በእሷ ደውዪ፣ በራስሽ ስልክ እንዳትደውዪ። መጀመሪያ ለአባባ፣ ከዚያ ለእኔ፣ ጋሽ ሀሰኖ ስልካቸውን ትተውልኝ ሄደዋል፣ ከእጄ አላወርደውም። ሽማግሎቹ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት። እባክሽ እታለም፣ ሳይመሽ ደውዪልኝ።

ታናሽሽ