ደረቴን አልመታም

ጁላይ 24
የአሜሪካን ፉትቦል የልምምድ ካምፕ ገባን። ያው የኮሌጅ መኝታ ቤት፣ ያው እግሬ የሚተርፍበት አልጋ። ፍራሹ ፕላስቲክ ለብሷል፣ በተገላበጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ኦድራ ደወለች። «ደረስክ? በላህ?» ደረስኩ። በላሁ። ከሚስቴ ጋር ስለ ዶሮና ሩዝ አወራሁ።

ጁላይ 26
ማንም አልነገረኝም፣ ግን ዕውር አይደለሁም። እንደኔ የተወረወረ ኳስ የሚቀልቡት የተቀባዮቹ ቦታ ሞልቷል፣ የቀረው አንድ ነው። ለሱ ደግሞ ሁለት ነን። እኔና ጃቫሪ የሚባል ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ።
ልጁ ይስቃል። ሲሮጥ ይስቃል፣ ሲሰደብ ይስቃል። ምን ያስቀዋል? ደንቡ ነውና የነባሮቹን ዕቃ ከሜዳ የሚሸከሙት አዲሶቹ ናቸው። የኔን ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ ይዞ ከኋላዬ ሲመጣ፣
«አጎቴ፣ ይሄ ዕቃ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል እኮ!»
«አፍህን ዘግተህ ተሸከም።»
«እሺ አጎቴ። ጉልበትህንስ ልሸከምልህ?»
ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ቦታዬን ሊወስድ ከመጣ ልጅ ጋር አልስቅም።

ጁላይ 29
ኮል ዛሬም ኮል ነው።
ኳስ ወርዋሪያችን። የቡድኑ ባለቤት እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት። እሱ ላይ ክፉ ቃል የሚተነፍስ የለም።
«ቁም ወይ ሽሽ» የምንለው ሩጫ አለ። ወደፊት ሮጬ ተከላካዩን አየዋለሁ። ቦታውን ይዞ ከቆመ፣ ክፍቱን ፈልጌ እቆማለሁ። እግር በእግር ከተከተለኝ ወደ ጎን እሸሻለሁ። ኮልም ያንኑ ሰው ማየት አለበት፣ ምክንያቱም ገና ሳልዞር ነው የሚወረውረው። ሁለታችን አንድ ነገር ካላየን ኳሱ የጠላት ነው።
ዛሬ ሰውየው ቆመ። ቆምኩ። ኮል ወደ ጎን ወረወረ። ተጠለፈ።
እኔም ደረቴን መታሁ። ልማዱ ነው። ኳስ ሲጠለፍ ተቀባዩ በመዳፉ ደረቱን መታ መታ ያደርጋል፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለቱ ነው። ወርዋሪ በሰው ፊት አይሳሳትማ! ስንት ዓመት መታሁት? ይሄ ደረት ነው ከበሮ?
ጭራሽ ባጠገቤ ሲያልፍ «ንቃ እንጂ ሌስ» አለኝ። እኔን! ንቃ!

ኦገስት 2
አጎቴ ሩበን ትዝ አለኝ... ጆርጂያ፣ የሐብሐብ ጭነት። እሱ ከማሳው ይወረውራል፣ እኔ መኪናው ላይ ቆሜ እቀልባለሁ። እጄ የተማረው እዚያ ነው። ጋዜጠኞች ሲጠይቁኝ እሱን ብቻ ነው የምነግራቸው።
ያልነገርኳቸው አለ። አንዱ ከፈረጠ ባለ እርሻው ይመጣል፣ «ማነው?» ይላል። ሩበን ወደኔ ይጠቁማል፣ «ልጁ ነው የጣለው።» አጠማዞ የወረወረው እሱ! እኔም «አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ።
ያን ጊዜም እጠላው ነበር? ይመስለኛል።

ኦገስት 9
የመጀመሪያው የማሟሟቂያ ጨዋታ። ያው ሩጫ። ያው ስህተት። ተጠለፈ።
እጄ ወደ ደረቴ ሄደ... መለስኩት። ሁለቱንም መዳፌን ዘርግቼ ኮልን ትኩር ብዬ አየሁት። ካሜራው አየ። ስታዲየሙ አየ።
ኮል ልብስ መቀየሪያ ክፍል ድረስ መጣ።
«ምንድን ነው ያ?»
«የቱ?»
«እጅህን የዘረጋኸው።»
«እጄ ነው። ዘረጋሁት።»
«ትከፍላታለህ ሌስ።»
ይምጣ።

ኦገስት 12
ኳስ አልመጣልኝም። አንድም።

ኦገስት 13
ዛሬም። ክፍት ነበርኩ፣ በዙሪያዬ ዝንብ የለም። እያየኝ ወደ ሌላ ወረወረ። ኳስ የማይወረወርለት ተቀባይ ምንድን ነው? ሄልሜት አድርጎ የሚሮጥ ሰው። ሄጄ አንቄው ብመለስ እንዴት ደስ ባለኝ።

ኦገስት 16
ዴክስ ጠራኝ። የተቀባዮቹ አሰልጣኝ ነው፣ ድሮ አብረን ተጫውተናል።
«ልጁ ፈጣን ነው ሌስ፣ ግን ዋናው አሰልጣኝ ‹ልጁ የተከላካይን አካሄድ ማንበብ አይችልም› ባይ ነው። ቦታው ያንተ ነው። አፍህን ብቻ ያዝልኝ።»
«ኮልስ?»
«ኮልን ተወው። አፍህን ያዝ።»
ለኦድራ ነገርኳት። «ቀለበቱ አንገትህ ላይ አለ?» አለች። አለ። ኳስ ስቀልብ ጣቴ ከተሰበረ ወዲህ የጋብቻ ቀለበቴ አልገባ ብሎኝ በሰንሰለት ነው የማደርገው። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ይብቃህ ነው። ግን ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? አንድ ዓመት... አንድ ዓመት ብቻ ልጫወት። ለዚህ ደግሞ ምላሴን እውጣለሁ።

ኦገስት 22
የመጨረሻው ማሟሟቂያ። ኮል ለጥቂት ደቂቃ ነው የገባው፣ ከጃቫሪ ጋር። እኔ ወንበር ላይ።
ቁም ወይ ሽሽ። ተከላካዩ ልጁን እግር በእግር ተከተለው። ልጁ ሸሸ፣ ልክ እንደተማርነው። ኮል ደግሞ ከኛ ማንም ወደሌለበት መሐል ወረወረ። ጠልፈው እስከ ጎል ወሰዱት።
ጃቫሪ ደረቱን መታ። እየሳቀ! ስታዲየሙ ሙሉ ጮኸበት።
እኔ ደስ አለኝ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ? ቦታው የኔ ሆነ፣ ደስ አለኝ።

ኦገስት 23
ቪዲዮ ልናይ ተሰበሰብን። ዋናው አሰልጣኝ ብራንት እዚያችው ላይ አቆመው።
«ማነው የተሳሳተው?»
ጃቫሪ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ አሰልጣኝ።»
«ሩጫውን ካላወቅህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»
ልጁ አቀረቀረ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ዝም ባልኩ ነበር። ግን ኮል ማስቲካውን እያኘከ፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣
«ስንቴ ነገርኩት። አይሰማም» አለ።
«ውሸት!»
ድምፁ የኔ ነበር።
«ቪዲዮውን መልሱት። ተከላካዩን እዩ። ተከትሎታል፣ ልጁ ሸሽቷል። ያላየው ኮል ነው። በኔም ጊዜ አላየም፣ በሱም ጊዜ አላየም፣ ነገም አያይም።»
«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለ ኮል።
«ደረቴን ስመታልህ የኖርኩት ነኛ!»
ዴክስ መሬት መሬቱን ያያል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ነው ነገሩ። የኔ ሁለቱም ሆኗል።
ለልጁ አዝኜ አይደለም። ኮልን ስለምጠላው ነው።
ኮሪደር ላይ ጃቫሪ ያዘኝ። አይስቅም።
«ማን ተናገርልኝ አለህ?»
«ማንም።»
«አሁን እኔንም ይጠምደኛል! ያንተ አልፏል፣ እኔ ገና መግባቴ ነው!»
እውነቱን ነው። ውለታ ቢስ አልኩት። እሱም የባሰ አለኝ።

ኦገስት 26
የቅነሳ ቀን። ሁሉም በሩን ዘግቶ ኮቴ ያዳምጣል። የሚጠራው ሚስተር ኦልሰን ነው፣ መልአከ ሞት ነው የምንለው። ሽማግሌ፣ ጨዋ፣ ጫማው ሁሌ የተወለወለ።
የኔ በር ጋ ቆመ። አንኳኳ።
«ሌስተር፣ አሰልጣኙ ይፈልጉሃል። የጨዋታ ዕቅዱ ያለበትን ታብሌት ይዘህ ና፣ ትመልሳለህ።»
ብራንት ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።
«ልክ ነበርክ» አለኝ። «ቪዲዮውን ካንተ በፊት ነው ያየሁት።»
«ታዲያ ልጁን ለምን አዋረድከው?»
«እሱ ይችለዋል። ኮል አይችለውም። ኮልን ማባረር ደግሞ አልችልም። አንተን እችላለሁ።»
እጁን ዘረጋ። አልጨበጥኩትም። በቃ፣ የስንት ዓመት ሥራ እንዲህ አለቀ።
ውጭ ስወጣ ጃቫሪ ቆሟል። እሱን አልቀነሱትም። ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀኝ፣ መኪናው ድረስ ተሸክሞ ወስዶ ከኋላ ጫነው። አልተያየንም።
«ሌላ የሚጫን አለ?»
«የለም።»
«ጉልበትህስ?»
«እሱን ራሴ እወስደዋለሁ።»

ሴፕቴምበር 14
ቤት። ኦድራ የጎድን አጥንት ታበስላለች። እሑድን ሶፋ ላይ ማሳለፍ አላውቅበትም፣ እግሬን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል። ጨዋታቸውን አላይም ብዬ ነበር... ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት።
ከዕረፍት በኋላ ያው ሩጫ። ተከላካዩ ቆመ፣ ጃቫሪ ቆመ፣ ኮል ወደ ጎን። ተጠለፈ።
ካሜራው ወደ ልጁ። ኮልም ፊቱን ወደሱ አዙሮ ይጠብቃል። የልጁ እጅ ተነሳ... ሆዱ ጋ ደረሰ። ብድግ አልኩ።
«አታድርገው!»
ኦድራ ማንኪያ ይዛ ከኩሽና መጣች። «ምን ሆንክ?»
እጁ ደረቱን አልፎ ሄደ። የሄልሜቱን ማሰሪያ ፈታና ወደ ወንበሩ ሄደ። ሕዝቡ ጮኸበት። አልሳቀም።
ከዚያ እስከ መጨረሻው አንድም ኳስ አልተወረወረለትም። ሮጠ፣ ክፍት ሆነ፣ እጁን አነሳ፣ ባዶውን ተመለሰ። አስተያየት ሰጪው «ልጁ ዛሬ ጠፋ» አለ። የት ጠፋ? እዚያው ነው እኮ! ቴሌቪዥኑን ሰደብኩት። ኮልን እስክሞት ድረስ እጠላዋለሁ።
እንዳለቀ ጻፍኩለት። «ክፍት ነበርክ። አይቻለሁ።»
አይመልስም ብዬ ስልኩን ላስቀምጥ ስል መልሱ መጣ።
«አጎቴ፣ ስንት ዓመት ቻልከው?»
ከሐብሐቡ ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። ስልኩን ደፍቼው ወደ ገበታው ሄድኩ።