የተሳለ ሱቅ ስላሸጉልን ምስጋና ስለማቅረብ

ይድረስ ለተከበሩት የሰፈራችን የንግድ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ኮልፌ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ዕድሜዎም በደጅዎ እንደሚሰለፈው ባለጉዳይ የረዘመ ይሁንልዎ። እኔ ከ18 ማዞሪያ ከፍ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ሥዕል የማስተምር ባምላኩ የምባል ነዋሪዎ ስሆን፣ በአደባባይ የምጽፍልዎ የባልደረቦችዎ ትጋት መዝገብ ቤት ተቀብሮ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

እንደሚያውቁት፣ ባያውቁም ማንም አይፈርድብዎትም፣ ተማሪዎቼ ክረምቱ እንደወጣ የትምህርት ቤቱን አጥር በጋራ መሳል ጀምረው ነበር። ምን እንሳል በሚለው ሲከራከሩ ከርመው ሰፈራቸውን ለመሳል ተስማሙ። አንዱ የታክሲውን ጎማ፣ ሌላው ረዳቱን ከነጩኸቱ ወሰደ፤ ሰልዋ ለምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ሱቅ ደረሳት። እሷም ማዞሪያው ላይ ሱቅ ያላቸውንና የቀለም ባልዲዎቻችንን በደግነት የሚያስቀምጡልንን ወይዘሮ ሃፊዛን ከነሱቃቸው ሳለች። የተደረደረው ሳሙና፣ የተንጠለጠለው ሙዝ፣ በመስኮቱ ክርናቸውን ደገፍ አድርገው የሚያዩት ወይዘሮ እውነት ከመምሰላቸው የተነሳ አንድ ሾፌር ማስቲካ ጠይቆ መልስ በማጣቱ ተቀይሞ ሄዷል።

ወላጆች ለሥዕሉ ምረቃ በተጠሩበት ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ግን ባልደረቦችዎ ቀድመውን ነበር። በተሳለው መስኮት ላይ፣ ልክ በወይዘሮ ሃፊዛ አፍንጫ ትክክል፣ «ያለ ንግድ ፈቃድ ሲሠራ በመገኘቱ ታሽጓል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

አንደኛው ምስጋናዬ ለሙጫው ነው። ወረቀቱን ለማንሳት ስንሞክር አፍንጫውም አብሮ ተነሳ። አስፋልት አንድ ክረምት በማይከርምበት ሰፈር እንዲህ የሚይዝ የመንግሥት ሥራ በማየታችን ኮርተናል።

ሁለተኛው ለጥልቅ ምርመራዎ ነው። ተቆጣጣሪዎችዎ ወይዘሮ ሃፊዛን ከሥዕሉ ለይተው ማዞሪያው ድረስ ወረዱና፣ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን እውነተኛውን ሱቅም «ሳያሳውቁ ቅርንጫፍ ከፍተዋል» ብለው አሸጉት። ሰልዋ ይህን ስትሰማ ሰው የሚያስቀጣ ሥዕል የሳለች መስሏት ብሩሿን አስቀምጣ አለቀሰች። ወይዘሮ ሃፊዛ ግን በታሸገው ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው አጽናኗት። «አታልቅሺ የኔ ልጅ» አሏት፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቅርንጫፍ እከፍታለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። አንቺ ከፈትሽልኝ።»

ሁላችንም ተከታትለን ጽሕፈት ቤትዎ ስንመጣ፣ ቅርንጫፉ ፈቃድ የሚያገኘው ሲለካ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ተነገረን፤ ሜትር የያዘ ባለሙያም ተላከልን። ወርዱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ። ጥልቀቱ ላይ ሲደርስ ሜትሩን ግድግዳው ላይ ገፋ፣ ደግሞም ገፋ፤ በመጨረሻ «ዜሮ» ብሎ መዘገበና ሱቁ ለዕቃ ማከማቻ እንደማይበቃ፣ ስለዚህም መስፈርቱን እንደማያሟላ አስታወቀን። ለዚህ ባለሙያ የደረጃ እድገት እንዲሰጠው በአክብሮት እለምናለሁ፤ ካልተሰጠው ማለቴ ነው።

ከዚያ እርስዎ ራስዎ መጡ። በሥዕሉ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ እኛም አሁን ገባቸው ብለን ተስፋ አደረግን። እርስዎም «ቅርንጫፉ ከተዘጋ ዋናው ይከፈታል» ብለው ወሰኑ።

ተማሪዎቹ ጥግ ይዘው ተመካከሩና ብሩሾቻቸውን አነሱ። ሰልዋ በዚያ ሁሉ ሳሙናና ሙዝ ላይ የቆርቆሮ መዝጊያ ሳለችበት፤ ይገዙ የተባለው ጓደኛዋ ማጠፊያውን፣ ሌሎቹም ተረዳድተው ትልቅ ጓጉንቸር ጨመሩበት። እርስዎ ጓጉንቸሩን በጣትዎ ነቅነቅ ለማድረግ ሞከሩ፤ አልነቃነቅ ሲልዎት ረክተው ፈረሙ። ያልደረቀው ቀለም ከጣትዎ ለቅቆ እንደሆነ እስካሁን እንጨነቃለን።

ወይዘሮ ሃፊዛ በማግስቱ ሱቃቸውን ከፈቱ። ሰልዋ ለተወሰነ ጊዜ ሱቅ የሚባል ነገር አልስልም ብላ ነበር፤ ወይዘሮ ሃፊዛ ግን ለምነዋት የእውነተኛውን ሱቃቸውን መዝጊያ እንድትቀባላቸው አደረጉ። እሷም የተከፈተ ሱቅ ከነባለቤቱ ሳለችበት፤ አፍንጫቸውም ተመልሷል። ስለዚህ ሱቁ ሲዘጋ ይከፈታል። ይህን ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይደነግጡ አስቀድሜ አሳውቄያለሁ።

የማኅተምዎን ጥላ ከራሳችን እንዳያርቁብን እየለመንሁ፣ ካጎነበስሁበት ቀና ሳልል፣ በግራ እጄ ባልዲ፣ በቀኝ እጄ ባርኔጣዬን ይዤ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ባምላኩ፣ የሥዕል መምህር

ማስታወሻ፦ ተማሪዎቹ በቀጣዩ ግድግዳ ላይ ቢሮዎን እየሳሉ ነው። ያያችሁትን ብቻ ሳሉ ስላልኳቸው ወንበሩንና መደገፊያው ላይ የተሰቀለውን ኮትዎን ጨርሰዋል። እርስዎን ወንበሩ ላይ ለማየት በተመላለሱ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ተብለዋል። ግድ የለም፤ ኮቱ ቁርጥ እርስዎን ሆኖ ወጥቷል።