የእማዬ ሳህን በሲያትል

ለውድ እህቴ ለእጅጋየሁ፣

የእማዬ የጣሊያን ሳህን አልተሰበረም። እዚህ ሲያትል፣ መሀል ከተማ ባለ አንድ አዳራሽ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ሳላስቀድም ሰላምታው አልወጣ ብሎኝ ነውና ይቅር በይኝ። እንዴት ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው? ባለቤትሽ ሳህሌስ ሥራው ተቃናለት? እኔ ደህና ነኝ። ኬንት ያለውን የመጋዘን ሥራ ትቼ በዚሁ አዳራሽ ጥበቃ ሆኛለሁ።

ሰሞኑን የሚታየው የጣሊያን የገበታ ሸክላ ነው፤ የሾርባ ጎድጓዳ፣ የወይን ማንቆርቆሪያ፣ ሎሚና ወፍ የተሣለባቸው ሳህኖች። የከተማው ነዋሪዎችም ከየቤታቸው አውሰዋል። አንዱ የደሴው ጎረቤታችን ይርጉ ነው። እዚሁ ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ከፍቷል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በደብዳቤ ግን አይገባውም። ከሳህኑ ጎን «የአቶ ይርጉ ቤተሰብ ቅርስ» ተብሎ ተጽፏል።

የሳህኑ ጀርባ እንዲታይ ከሥሩ ፊት ማያ መስታወት ተነጥፏል። እማዬ ለድግስ ስታውስ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀልባት በቀይ የጥፍር ቀለም ያደረገችው መስቀልና ሁለት ነጥብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይርጉ ለአዳራሹ ሰዎች የጣሊያኑ ሠሪ ምልክት ነው ብሏቸው እንደዚያው ጽፈውታል። ሳህን አጥቦ የማያውቅ ሰው ከየት ይወቀው።

ለልጁ ሰርግ ተውሶ «እጅጋየሁ ስታጥብ ሰበረችው» ያለውን አትረሺውም። የሌላ ሳህን ስብርባሪ በከረጢት ላከልን፤ እማዬ ሳትፈታው ጣለችው። አንቺን ግን እስከ ዛሬ «ሰባሪዋ» ትልሻለች፤ ብርጭቆ ባነሳሽ ቁጥር እጅሽን ታያለች።

ባለፈው እሑድ እንግዶች አስከትሎ መጣ። ያኔ ልጅ ነበርኩና አላወቀኝም። «ወንድም፣ እንዳይጠጉት ተጠንቀቅ፤ ይሄ በገንዘብ አይገኝም» አለኝ። «አይስጉ ጋሼ፣ እጅጋየሁ ያለችው ደሴ ነው፤ ማን ይሰብረዋል?» አልኩት። ጃንጥላው ከእጁ ወደቀ።

በማግስቱ ሽማግሌ ላከ። ሳህኑን ውሰድ፣ ነገሩ ግን በእኛው ይቅር፣ ሽበቱን አታዋርድበት አሉኝ። የሳህኑ ነገር ይቆየን፤ መጀመሪያ ለእማዬ ደውሎ «እጅጋየሁ አልሰበረችም፣ የሰረቅኩት እኔ ነኝ» ይበላት አልኳቸው። እስከ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀጠርኩት። በማግስቱ፣ ኤግዚቢሽኑ በሚዘጋበት ዕለት፣ ስለ «ቅርሱ» እንዲናገር ተጋብዟል። ካልደወለ ስለ ጥፍር ቀለሙ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጠይቀዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ባይደውል እወዳለሁ። ይህን ያህል ዓመት ያደረ ቂም በስልክ አይበርድልኝም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሳህሌን ሰላም በይልኝ፤ ልጅሽን መክሊትን ግንባሯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችሁን እትዬ ማንአልሞሽን ስልካቸውን ስለሚያውሱን አመስግኚልኝ።

የዚያን ቅዳሜ አመሻሹ ላይ እማዬን ይዘሽ እሳቸው ቤት ጠብቂ። ስልኩ ከጮኸ አንቺ እንዳታነሺው፤ እማዬ ታንሣው።

ወንድምሽ ወንድምአገኝ
ሲያትል፣ ጥቅምት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.