በሐዘን ዓመት የገባች ጳጉሜ ስድስት

ይድረስ ለተሼ፣ ለትዕግስት አባት፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ብል መልሱን ከማን እሰማለሁ? ይልቅ አንተ በምትወደው ቋንቋ ልንገርህ። ከተለየኸን ወዲህ መሬት ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞራ ልትጨርስ ምንም አልቀራት። ሙት ዓመትህ ከነገ ወዲያ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ዓመት ሊሞላው ነው ብላ ታልፈው ነበር፤ እኔ ግን የሳይንስ አስተማሪ አግብቼ ምን ላድርግ!

ቤታችን ደህና ነው። ክረምቱ የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፤ ጎረቤቶች ተሰብስበው አቆሙልን። በምዕራብ በኩል ግን አንድ ሰው ፎቅ ጀምሯል። ከደጃፋችን ሆኖ እስከ ለቡ ድረስ የሚታየውን ሜዳ ሸፈነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ቀርቷል። ከታክሲ ወርደህ ስትመጣ ቦርሳህን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደዚያ ትጠቁመኝ ነበር። ያቺ የምትንቦገቦገው ኮከብ አይደለችም፣ ቬነስ ናት፣ እንደ መሬት ፀሐይን የምትዞር ናት ትለኛለህ። በማለዳ ለኪዳን ወደ ሀና ማርያም ስሄድ የማያት አጥቢያ ኮከብም ያቺው ራሷ ናት ስትለኝ አንድም ቀን አምኜህ አላውቅም። መንገዷ ለፀሐይ ከእኛ ይልቅ ስለሚቀርብ ከእሷ ብዙ አትርቅም፣ አንዳንድ ጊዜ ቀድማት ትወጣለች፣ አንዳንድ ጊዜ ተከትላት ትጠልቃለች እያልክ ስትደክም፣ እኔ ደግሞ ያንተዋ እንዳንተ አምሽታ የምትገባ ናት፣ የእኔዋ ግን በጠዋት ተነስታ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ናት እያልኩ አናድድህ ነበር። ያ ክርክር በጣም ናፈቀኝ፣ ተሼ።

ልጅህ አድጋለች። ቁመቷ እንዳንተ ሊሆን ነው መሰለኝ፤ በቅርቡ ያሰፋሁላት ቀሚስ አጥሯታል። ጳጉሜ ስድስት የወለድኳት እኔ፣ የተኩራራኸው ግን አንተ። ዘመድ ሁሉ ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ምስኪን እያለ ሲያዝንላት፣ አንተ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ሆነህ ነበር። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ትምህርት ትጀምራለህ። መሬት ዙሯን የምትጨርሰው በሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ልክ አይደለም፣ ሩብ ቀን ያህል ይተርፋል፣ ያ ሩብ ሲጠራቀም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል፣ የእኔ ልጅ የተወለደችው በተጠራቀመው ቀን ነው ትላቸዋለህ። ሰዎቹ የመጡት ገንፎ ሊበሉ ነበር። ትዕግስት ብለህ ስም ያወጣህላትም ቀኗን መጠበቅ ስላለባት ነው። በሌላው ዓመት ጳጉሜ አምስት ላይ እናክብርላት ስልህ፣ መሬት ገና ሳትደርስ እንዴት ይሆናል ብለህ ትቆጣኛለህ። እልኸኛ ነበርክ፤ ነፍስህን ይማረው።

የመጀመሪያዋን ልደት ትዝ ይልሃል? አራት ዓመት ሲሆናት ማለቴ ነው። ዱካ አውጥተህ እኔን ከግቢው መሃል አስቀመጥከኝና ፀሐይ ነሽ፣ እንዳትንቀሳቀሺ አልከኝ። አንተ መሬት ሆነህ በራስህ ላይ እየተሽከረከርክ ዙሪያዬን ትሄዳለህ። ፊትህ ወደ እኔ ሲሆን ቀን ነው፣ ጀርባህን ስትሰጠኝ ሌሊት ነው እያልክ ትጮሃለህ። ቀጥለህ ቆም አልክና ትዕግስትን ጨረቃ አደረግካት፤ አንተን ስትዞር ፊቷን ከፊትህ እንዳታነሳ አስተማርካት፤ ጨረቃ ለመሬት የምታሳየው ሁልጊዜ አንዱን ፊቷን ነውና። ልጅቷ ወደ ጎን እየተራመደች፣ ዓይኗን ካንተ ላይ ሳትነቅል ዞረችህ። ያን አስተያየቷን መቼም አልረሳውም። እኔ ወጤ እያረረብኝ ስለነበር ብድግ ስል፣ ፀሐይ ወጥ ልታማስል ተነሳች፣ ዓለም ጠፋ ብለህ ጮህክ። እንደገና መሽከርከር ስትጀምር ራስህ ዞረና ጎመን መደቡ ላይ ወደቅክ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ዛሬ ደግሞ መጠጡ በጠዋቱ ነው እንዴ የተጀመረው አለችኝ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

ሁለተኛዋም መጣች። የመጣችው ግን ዓመትህ ሳይሞላ፣ እኔ ጥቁር ሳላወልቅ ነው። እህትህ ወርቅነሽ ልደቷን ላከብርላት ማሰቤን ሰምታ ከሳሪስ ድረስ መጣች። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ በዚህ ቤት ልደት ይከበራል? ሰውስ ምን ይለናል? አለችኝ። አልፈርድባትም፤ አንድ ወንድሟ ነበርክ። ሐዘን የተቀመጠ ቤት ድግስ እንደማያውቅ እኔም አላጣሁትም። ግን ይቺ ካለፈች ልጅቷ የሚቀጥለውን የምታየው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። ምን ላድርግ? አንተን መጠየቅ አማረኝና ከፎቶህ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የባሰብኝ የትዕግስት ዝምታ ነው። ከዓመት በፊት ጀምራ ስትቆጥር የነበረችው ልጅ፣ አክስቷ የተናገረችውን ከሰማች በኋላ ስለ ቀኗ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች እየጮሁ ሊጠመቁ ወጡ፤ እሷ ከጣራው ጥላ ሥር ቆማ ታያቸዋለች። ነይ ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። ልቤ ተቆረጠ። ጥቁሩን የለበስኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን አላለብሳትም አልኩና ዱቄቱን አቦካሁ።

ከበሮ የለ፣ ዘፈን የለ፤ አንድ ድፎ ዳቦ ብቻ ነው የጋገርኩት። ወርቅነሽን ብትመጪም ባትመጪም አልቀየምሽም ብዬ ላኩባት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣችና እቀመጣለሁ እንጂ አልቀምስም ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ዳቦው ቀርቦ፣ ቢላዋው አጠገቡ ተጋድሞ፣ የሚቆርሰው ሰው ጠፋ። የፊተኛውን የቆረስከው አንተ ነበርክ።

ይህን ጊዜ ትዕግስት ወደ አክስቷ ሄደችና በቀስታ ነገረቻት። ይቺ ቀን ባትጨመር ኖሮ የአባዬ ሙት ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ የእኔ ቀን ናት ያዘገየችው አለቻት። ማንም አላስጠናትም፣ ተሼ። ራሷ ቆጥራ የደረሰችበት ነው። ወርቅነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ እጇን ታጠበች፣ ቢላዋውን አንስታ ዳቦው ላይ አማተበች፣ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ለልጅህ ሰጠቻት፤ ሁለተኛውን ራሷ ቀመሰች።

ዛሬ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነው። አደይ አበባ ይዘው ከሚዞሩት ልጆች ጋር የመጣች አንዲት እናት፣ ለሰፈሩ እንግዳ ናት፣ ጥቁሬን አይታ ማን ሞተብሽ፣ መቼ ነው አለችኝ። ባለቤቴ ነው አልኳትና፣ አምና ነው ላለማለት ለልጆቹ ዳቦ ልቆርስ ገባሁ። እስከ ትናንት ድረስ ዘንድሮ ነው የሞተው እል ነበር። ያቺ የልጅህ ቀን በዘንድሮ ውስጥ አንድ ቀን አቆይታህ ነበር፤ እሷም አለፈች።

ከነገ ወዲያ ጸሎትህ ይደርሳል፣ ጥቁሩንም አወልቃለሁ፤ ባሕሉ ነው፣ ለልጅህም ይሻላታል። ወርቅነሽም አብራኝ ልታወልቅ ቃል ገብታለች። ሰው ሲጠይቀኝ አምና ነው እላለሁ፤ ወደፊትም ካቻምና ነው እላለሁ፤ መሬት መዞሯን አታቆም። እኔ ግን ሳስብህ፣ እስክንገናኝ ድረስ፣ ሁልጊዜ ዘንድሮ ነህ።

ሚስትህ በላይነሽ